ባቡሩ የሚያደርስበት ባሕር

ቦስተን አካባቢ የምትኖሩ፣ «ቅዳሜ ባሕር እንሂድ» የሚል ሰው ከተገኘ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። «ማን ይነዳል?»

እኛ ቤት የሚነዳ የለም። እማዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሦስት ጊዜ ተመዝግባ ሦስቱንም ጊዜ ተጨማሪ ፈረቃ በላባት። እኔ ፈቃዱ አለኝ፣ መኪናው ነው የሌለኝ። ኬምብሪጅ ውስጥ ሴንትራል ስኩዌር አጠገብ እየኖሩ፣ ኢንሹራንስ ከፍሎ፣ በረዶ ጠርጎ፣ ማቆሚያ ፈልጎ መኪና መያዝ ለነርሲንግ ተማሪ የሚቀመስ አይደለም።

ስለዚህ ባሕር የምናየው በሰው መኪና ነው። ያለ መኪና ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ባለመኪናው «ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ካለ (እቤታችን ሰዓት የሚቆጠረው በሀበሻ ነው) እኛ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጫማ አድርገን በር ላይ ነን። አምስት ሰዓት ቢመጣም «ኧረ ምንም አይደለም» ነው መልሳችን። የእነሱ ልጅ ሲያለቅስ የእኛም ባሕር ያበቃል። እማዬ ደግሞ ከሌሊት ሥራ ገብታ ጎኗን ሳታሳርፍ ለስምንት ሰው የሚበቃ ምግብ ትሠራለች። የቤንዚኑ ሒሳብ የሚዘጋው በዶሮ ወጥ ነው። ማንም አልጠየቃትም፤ የሚወስዱን ዘመዶቻችን ደጎች ናቸው። እሷ ግን ካልከፈለች እንቅልፍ አይወስዳትም።

በዚህ ሰመር ነገሩ ከበደ። አያቴ፣ እኛ እቴቴ የምንላት፣ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ሰነበተች። እንቁጣጣሽን ቤቷ ለመዋል ስለፈለገች ትኬቷ ለመስከረም መግቢያ ተቆርጧል። እማዬ አለቆቿን ለምና በነሐሴ አንድ ቅዳሜ አገኘች። አንድ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌላው ቀን ሁሉ ሥራ ነው። እቴቴ የጠየቀችው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ባሕር። በሕይወቷ ያየችው አንዴ ነው፣ አሰብ ላይ፣ እማዬ ሳትወለድ። ባሏ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር አንድ ጊዜ ይዟት ወርዷል። ውኃው እንደ ሻይ ይሞቅ እንደነበር እስከ ዛሬ ታወራለች።

እማዬ ቫን ላለው ዘመዳችን ልትደውል ስልኳን ስታነሳ «ቆይ፣ እኔ በባቡር የሚኬድበት ልፈልግ» አልኳት።

«በባቡር? እቴቴን ይዘን? ሕፃን ይዘን?»

«እስከ ረቡዕ ጊዜ ስጪኝ።»

በማግስቱ «ለቤተሰብ የሚመቹ ምርጥ የባሕር ዳርቻዎች» የሚሉ ጽሑፎችን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ መኪና ማቆሚያ ነው የሚጀምሩት። ክሬን ቢች፣ ኬፕ ኮድ፣ ጠዋት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ማቆሚያው ሳይሞላ። (ክሬን ቢች በሰመር አጋማሽ የሚናከስ አረንጓዴ ዓይን ዝንብ አለው። መኪና ቢኖረንም እቴቴን ለዝንብ አልሰጥም ነበር።) ጽሑፎቹ አሸዋውን ያወዳድራሉ። እኔ ደግሞ የሚያሳስበኝ ከቤታችን ደጅ እስከ አሸዋው ያለው መንገድ ነበር።

እናም ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ከታካሚው ጀመርኩ። የእንክብካቤ ዕቅድ ስንጽፍ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይህ ሰው ምን ይችላል? ምን ያስቸግረዋል?» ነው። እቴቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ መውጣት ትችላለች፣ መውረድ ነው የሚከብዳት። ለደም ግፊቷ የምትወስደው መድኃኒት ሽንት ያበዛል፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ቅርብ መሆን አለበት። ትንሹ ወንድሜ አራት ዓመቱ ነው፤ በጋሪ ይሄዳል፣ ሲያሰኘው ይሮጣል። እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስለ እሷ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ከሁላችንም የተሻለች ዋናተኛ ናት። እማዬ ዓርብ ሌሊት ሠርታ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምትገባው፤ የትም ብንወስዳት ትተኛለች። እኔ አንድ ነኝ፤ ሁለት እጅ፣ አንድ ጋሪ፣ አንድ ጃንጥላ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ብዙው ስም ያለው ቦታ ወደቀ። ማንቸስተር ባይ ዘ ሲ ላይ ሲንጊንግ ቢች አለ፤ ሲረግጡት አሸዋው ድምፅ ያሰማል፣ ስሙም ከዚያ ነው። ከኖርዝ ስቴሽን የሚነሳው ባቡር ከተማው መሐል ያወርዳል። ከዚያ ግን ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ነው፣ ያውም ጉልበቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው፣ ባቡር ካመለጠ ደግሞ ጥበቃው ረጅም ነው። ከጓደኞቼ ጋር እሄድበታለሁ፣ ከእቴቴ ጋር አልሄድበትም። ሃል ውስጥ ያለው ናንታስኬት በጀልባ ይኬድበታል፤ ትንሹ በደስታ ይፈነዳ ነበር፣ ግን ከጀልባው ወርዶ ሌላ አውቶቡስ አለ። ሳውዝ ቦስተን ያለው ካርሰን ቢች ከእኛ ቤት በአንድ ባቡር፣ በሬድ ላይን ብቻ ይደረሳል። እውነቱን ለመናገር በወረቀት ላይ አሸናፊው እሱ ነበር። ነገር ግን ከጄኤፍኬ ጣቢያ ወጥቶ መኪና በሚከንፍበት አደባባይ በኩል በእግር መሄድ አለ። ደግሞም ባሕሩ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ ወዲያ ማዶ መሬት ይታያል። እቴቴ ያለችኝ «ወሰኑ የማይታየውን» ነው።

የቀረው ሪቪር ቢች ነው።

አንዳንድ ሀበሻ ሪቪር ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ያ የድሃ ባሕር» ሲባልም ሰምቻለሁ። ታሪኩን ሳነብ ግን ከሁሉም ቦታ የወደድኩት እሱን ሆነ። ሪቪር ቢች በ1896 ለሕዝብ የተከፈተ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሕዝብ የባሕር ዳርቻ ነው። ዕቅዱን ያወጣው ቻርልስ ኤሊየት የሚባል የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ሲሆን፣ ቀድሞ አሸዋው ጫፍ ላይ ይሄድ የነበረው የባቡር ሐዲድ ወደ ኋላ እንዲርቅ ተደርጎ ዳርቻው ለሰው ተለቀቀ። ያኔ በየቤቱ መኪና የሚባል ነገር የለም። የከተማው ሠራተኛ በባቡር መጥቶ፣ በነጻ ገብቶ፣ በባቡር እንዲመለስ ታስቦ የተሠራ ቦታ ነው። ያ ባቡር በ1940 ቆመ፤ በ1950ዎቹ ግን ብሉ ላይን በዚያው መስመር ተዘርግቶ በ1954 ዎንደርላንድ ደረሰ። እኛ እዚያ ስንደርስ መኪና አጥተን በልመና የገባን እንግዶች አይደለንም። ቦታው መጀመሪያውኑ የተሠራው ለእኛ ዓይነቱ ሰው ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ረቡዕ ብቻዬን ሄጄ መንገዱን ሞከርኩት። የቦስተን ባቡር አንድ የታወቀ ክፍተት አለው፤ ሬድ ላይንና ብሉ ላይን የትም አይገናኙም። ከሴንትራል ተነስቶ ፓርክ ስትሪት መውረድ፣ በግሪን ላይን አንድ ፌርማታ ሄዶ ገቨርንመንት ሴንተር መውረድ፣ ከዚያ ብሉ ላይን መያዝ ነው። ለሮጦ አዳሪ ምንም አይደለም፤ ለጋሪና ለጉልበት ግን እያንዳንዱ ቅያሪ አንድ አሳንሰር ነው። አሳንሰሮቹን አንድ በአንድ ወጣሁባቸው፣ ወረድኩባቸው። አንዱ ከተበላሸ መንገዱ ስለሚቀየር ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሳንወጣ የባቡሩን ድርጅት የአሳንሰር ማስታወቂያ አይቻለሁ። ብሉ ላይን ላይ ቦዶይን አሳንሰር የለውም፤ እሱ አያገባንም። ሪቪር ቢች የሚባለው ጣቢያ ላይ ሲወርዱ ባሕሩ እዚያው ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። በባሕሩ ፊት ለፊት ጣሪያና አግዳሚ ወንበር ያላቸው የቆዩ መጠለያዎች አሉ። መጸዳጃ ቤቱን ገብቼ አየሁት፤ ለእማዬ ፎቶ ላክሁላት። «እሺ» አለች።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ቤት ስለማየው ነው። እናቶቻችን መንገድ ሲኖርባቸው «ዛሬ ያቺን ኪኒን ልተዋት» ይላሉ፤ መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው። እቴቴም አስባው ነበር። በራስ ፈቃድ መተው አይገባም። ቀደም ብለን ፋርማሲስት ጠየቅን፤ በነገረን ሰዓት ማልዳ ወሰደች፣ ከቤት ስንወጣ ብዙው ነገር አልቆ ነበር። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሙቀት ላይ ቶሎ ውኃ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ጥላና የሚጠጣ ውኃ ለእሷ ቅንጦት አይደለም። ጾመ ፍልሰታ ነበር፣ ቅዳሜ ስለሆነ ግን ከጠዋቱ እህል መቅመስና ውኃ መጠጣት ትችላለች። ቀኑ ቅዳሜ በመሆኑ ያመሰገንኩት ለዚህም ነው።

ጾሙ ምግቡንም አቀለለው። ሱፍ ፍትፍት፣ ቲማቲም ፍትፍት፣ ድፎ ዳቦ፣ ሐብሐብ፣ ቡና በፔርሙዝ። ሁሉም ቀዝቅዞ የሚበላ ነው፣ ቡናው ሲቀር። እማዬ ለስምንት ሰው ልትሠራ ስትነሳ «ለማን?» አልኳት። ቆም ብላ አሰበችና ለአምስት ሠራች።

ባቡሩ ከአኳሪየም እስከ ማቨሪክ የሚያልፈው በወደቡ ውኃ ሥር ነው፤ ዋሻው በ1904 የተከፈተ ነው። ይህን ለእቴቴ የነገርኳት ሆን ብዬ ካለፍነው በኋላ ነው። «በስመ አብ! ከባሕር በታች?» ብላ አማተበች፤ ከዚያ ለእማዬ እንደ አዲስ ነገረቻት።

ያን ቅዳሜ ውኃው የሚጎድለው ቀትር ገደማ ነበር። ይህንንም አስቀድሜ አይቼ ነው፤ ቦስተን አካባቢ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ከፍታው ወደ ሦስት ሜትር ይለያያል። ሲሞላ አሸዋው ይጠብባል፣ ሲጎድል ሕፃን የሚንቦራጨቅበት ጥልቀት የሌለው ሜዳ ይሆናል። ሰማያዊ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ቀይ ቢሆን ኖሮ በውኃው ንጽሕና ምክንያት አትግቡ ማለት ነው። እቴቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጫማዋን ለእህቴ ሰጥታ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች።

«ውይ! በረዶ!» ብላ ጮኸች። አጠገባችን የነበሩት ስፓኒሽ የሚናገሩ እናት ቃሉ ባይገባቸውም ሳቁ። «አሰብ እንዲህ አልነበረም» አለች። ግን አልወጣችም። ማዕበሉ ሲመጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሲሄድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ብዙ ቆየች። ምን እያሰበች እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከበላያችን ወደ ሎጋን የሚያርፉ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ በአንዱ ልክ ቀና ብላ «በዚህ ነው የምሄደው?» አለች።

እማዬ ጃንጥላው ሥር ተኛች። ማንም አልቀሰቀሳትም። ትንሹን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ቀዳሚው የሞት ምክንያት መስመጥ ነው፤ መስመጥ ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው ጩኸት የለውም፣ ብዙ ጊዜ ጸጥ ብሎ ነው። የእኛ ሰው ተሰብስቦ ሲወጣ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ አሥር ትልቅ ሰው ተቀምጦ እያንዳንዱ ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። እኛ ግን በቃል ተቀባበልን። ቡና ልቀዳ ስነሳ እህቴን አይደለም፣ እማዬን ቀስቅሼ «አሁን አንቺ ነሽ» አልኳት። «እኔ ነኝ» አለች። እንዲህ መባል አለበት። ላይፍጋርድ መኖሩ ይህን አያስቀርም።

አሥር ሰዓት ገደማ እማዬ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች። ከልማድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ሰው ቁልፉን ያንቀጫቅጭ ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«ባቡሩ? በየጥቂት ደቂቃው አለ። እኛ ስንፈልግ ነው።»

ዕቃውን መልሳ አስቀመጠች። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የተነሳነው። ደርሶ መልሱ ለሦስታችን 14 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው፤ ልጆቹ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ስለሆኑ አይከፍሉም።

ፎቶዎቹን ያየው ቫን ያለው ዘመዳችን ደውሎ የጠየቀው «ፓርኪንጉ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። እማዬ ሳቀች። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወረቀት አምጥታ መንገዱን አንድ በአንድ አስነገረችኝና በራሷ ፊደል ጻፈችው፤ «ሬድ። ፓርክ ውረጂ። ግሪን አንድ ፌርማታ። ብሉ። ሪቪር ቢች።» ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

እቴቴ ሄደች። መስከረም አጋማሽ ላይ ሆስፒታል ልምምድ ላይ ሆኜ በእረፍት ሰዓቴ ስልኬን ስከፍት ፎቶ ተልኮልኛል፤ ትንሹ ባልዲ ይዞ፣ ሹራብ ለብሶ፣ ኋላው ግራጫ ባሕር። ብቻቸውን ሄደዋል። ከሥሩ እማዬ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «ውኃው ሞልቶ አሸዋው የለም። መቼ ነው የሚጎድለው?»

ላይፍጋርድ በዚህ ወቅት ስለሌለ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንዳይገቡ ነገርኳትና ሰዓቱን ፈልጌ ላክሁላት። «እንጠብቃለን» ብላ መለሰች።