ፍሬንሽ ይይዛል?

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው። “ፍሬን”ም የነሱ ቃል ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ብዙ ጎረቤት ተበተነ። ለኔ የደረሰኝ የሳይክል መንገዱ ነው።

ታዲያ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም። ባለፈው አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ፊቴ ገባ። ፍሬኑ ያዘ፤ ተሳስቀን ተለያየን።

የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ጨምቃችሁት እጀታው መሪውን ከነካ ሽቦው ላልቷልና አጥብቁት፤ ከተበጣጠሰ ቀይሩት። ላስቲኩ ቸርኬውን እንጂ ጎማውን አይንካ። በዝናብ ቶሎ ስለማይዝ ቀደም ብላችሁ ያዙ። የፊተኛው ይበልጥ ያቆማል፤ ብቻውን በድንገት ከያዛችሁት ግን ይደፋችኋል።

እናንተስ፣ ፍሬናችሁን ያያችሁት መቼ ነው?