ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ መሆኑን ለመግለጽ ነው። እኔ ግን ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ለመግዛት በወጣሁበት ሰሞን ሌላም ትርጉም አገኘሁለት፤ ጆሮ የሚወደውና ለባለቤቱ የሚበጀው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

እንጀራዬ ቃለ መጠይቅ መቅዳትና መገልበጥ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ አዛውንት ስለ አባታቸው ቤት ያጫወቱኝን ስገለብጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምሁ። «አባቴ ቤቱን ለወንድሙ ሰጠው» ነው ያሉት ወይስ «ሸጠው»? የ«ጠ» መጥበቅና መላላት ሊያግዘኝ በተገባ ነበር፤ ጥርሱ ያለቀ ሰው አነጋገር ግን ለዚህ አይመችም። መልሼ እንዳልጠይቃቸው ከቀረጻው በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዐርፈዋል። በሁለቱ ቃላት መካከል ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አለ።

መገናኛ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ሁለት ዘረጋልኝ። አንደኛው በብሉቱዝ የሚሠራ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ነው። ሁለተኛው ባለገመድ፣ ስፖንጁ ጆሮ ላይ ለጠፍ ብቻ የሚል፣ ክብደቱ የማይታወቅ። የዋጋቸው ልዩነት ከሁለት ምሳ አይበልጥም።

«ወንድሜ፣ የሚሄደው ይሄ ነው» አለና ትልቁን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ዘፈን ከፈተልኝ። ከበሮው ደረቴ ውስጥ ገባ። እውነቱን ለመናገር ወደድሁት።

ነገር ግን ሁለት ድምፆች ሲወዳደሩ ጮክ ያለው የተሻለ መስሎ ይሰማል። ስለዚህ ሁለቱን ጆሮዬ በፈቀደው መጠን እኩል አድርጌ፣ በሻጩ ዘፈን ሳይሆን በራሴ ስልክ ውስጥ ባለው መፈተን ጀመርሁ። በቅድሚያ የዓለሙ አጋን በገና ከፈትሁ። በገና ለእንዲህ ያለ ፈተና የተፈጠረ ይመስላል፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ ከእንዝራዎቹ፣ የሚወጣ ንዝረት አለ። ትልቁ ማዳመጫ ውፍረቱን አግዝፎ ንዝረቱን ዋጠው። ትንሹ ውፍረቱን ቢያሳሳውም ንዝረቱን አንድ በአንድ ቆጠረልኝ።

ቀጥሎ የአዛውንቱን ድምፅ አሰማሁ። «ሰ»ን ከ«ሸ» የሚለየው በአብዛኛው ከፍ ባለው የድምፅ ክፍል ያለው ሹክሹክታ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ከልክ በላይ ሲጋነን ይህን ይሸፍነዋል። በትልቁ ስሰማ እንደ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ሁሉ አልለይ አለኝ። በትንሹ ስሰማ ግን አንዲት ቀጭን ፉጨት ሽው ያለችብኝ መሰለኝ፤ የሱቁ ጫጫታ እርግጠኛ እንድሆን አልፈቀደልኝም እንጂ።

ይህን ስል ትልቁን ለማጣጣል አይደለም። በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ለሚያዳምጥ ሰው ከትንሹ ይሻለዋል። ጆሮን የማይሸፍን ማዳመጫ የረዳቱን ጥሪና የሞተሩን ጩኸት ስለሚያስገባ፣ ያንን ለማሸነፍ ድምፅ ይጨመራል፤ ሲጨመር ደግሞ ጆሮ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የገመድም ጣጣ አለ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው አይፎን 7 የገመድ መሰኪያዋን ቀዳዳ ካስቀረ ወዲህ ብዙዎች ተከትለውታል፤ የእኔ አሮጌ ስልክ ግን አሁንም አላት። ባለገመዱ ቻርጅ አልቆበት በሥራ መካከል ዝም አይልም።

ባለገመዱን ገዛሁ። ሻጩ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ጠቀለለልኝ። ታክሲ ውስጥ አላደርገውም፤ እሱ የቤትና የሌሊት ነው።

በዚያው ሌሊት፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስድስት ጊዜ ያህል ሰማኋት። «ሰጠው» ነው ያሉት። ከቃሉ ቀጥሎ ቀድሞ ያልሰማኋት አንዲት አጭር ሳቅ አለች። እሷንም በቅንፍ ጻፍኋት።