ድምፅ የሌለው አውሮፕላን

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ሕገ መንግሥት አልጽፍም። ከወትሮው ርእሰ ጉዳዬ ፈቀቅ ብዬ ስለ ሞዴል አውሮፕላን፣ በልጅ ቋንቋ ስለ መጫወቻ አውሮፕላን ላወጋችሁ ነው። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ጎልማሳው ዶክተር ምን ነካው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ፖለቲካው ግን ከዚህም ጽሑፍ አልቀረም፤ እኔ ልሸሸው ብል እስከ ጋራዤ ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አቅጣጫ ካሉት ሠፈሮች በአንዱ ነው። መስከረም ጠብቶ እሸት ሲደርስ የበቆሎ አገዳ ልጠን፣ ነጩንና ቀላሉን ልቡን በቅርፊቱ ስንጣሪ እየሰካን መነጽርም መኪናም እንሠራ ነበር። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምሠራው አውሮፕላን ነበር። አጥር ላይ ወጥቼ ስለቀው አንድ ጊዜ ቀና ይልና በጀርባው ተገልብጦ ይወድቃል። ደግሜ እሠራለሁ፤ ደግሞ ይገለበጣል። ጅራቱ ከብዶት እንደ ነበረና አፍንጫው ላይ አንዲት ጠጠር ማሰር ይበቃው እንደ ነበር ያወቅሁት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በሰው አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ለዶክትሬት ትምህርት ወደ አሜሪካ መጣሁ። የገባሁበት ዩኒቨርሲቲ በመካከለኛው ምዕራብ፣ በበቆሎ እርሻ በተከበበች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ በረንዳቸው ላይ የአውሮፕላን ክንፍ ሲያጣብቁ አየሁና አጥሩን ተደግፌ ቀረሁ። ጫፉን እንድይዝላቸው ጠየቁኝ፤ ያዝሁላቸው። እንጨቱ ባልሳ ይባላል፤ በአብዛኛው ከኢኳዶር የሚመጣ፣ ክብደቱ ከእንጨት ይልቅ ለልጅነቴ አገዳ የሚቀርብ ነገር ነው። ከአእምሮዬ በፊት ጣቶቼ ያወቁት ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት የበረዶ ወራት የመመረቂያ ጽሑፌን ከምጽፍበት ጠረጴዛ ግማሹን ለክንፍ ለቀቅሁ። ስሱን ባልሳ በምላጭ መቁረጥ፣ በንድፉ ወረቀት ላይ በስፒል ቸክሎ ማጣበቅ፣ በመጨረሻም ሽፋኑን በካውያ እያሞቁ መወጠር፤ ይህ ሁሉ ሦስት ወር ፈጀ። የጽሑፌ አማካሪ ስለ ሦስተኛው ምዕራፍ መዘግየት በጠየቁኝ ቁጥር ምን እመልስ እንደ ነበር ባላነሣው ይሻላል።

ማብረሩን የተማርሁት በሽቦ በተያያዙ ሁለት መቆጣጠሪያዎች ነው፤ አንዱ በአስተማሪው እጅ፣ አንዱ በተማሪው። ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው ጣቱን ከቁልፉ ላይ ያነሣና ሥልጣኑን ይረከባል፤ ነገሩ ሲረጋጋ መልሶ ይሰጣል። (ሥልጣን በሰላም ሲሸጋገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁት በዚያ ሜዳ ላይ ነው።) አስቸጋሪው ነገር አውሮፕላኑ ወደ አንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ መገለባበጡ ነው። ወደ ቀኝ ያዘዝኸው ወደ ግራህ ይሄዳል፤ ለማረም ስትቸኩል ይባስ ትሰዳለህ። የመጀመሪያውን አውሮፕላኔን በዚህ ምክንያት ከበቆሎው ውስጥ ለቅሜዋለሁ።

በዚያ ዘመን መቆጣጠሪያዎቹ የሚሠሩት በ72 ሜጋኸርትዝ ሞገድ፣ በ50 መስመሮች ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ላይ ባንድ ጊዜ ቢከፍቱ በሰማይ ያለው አውሮፕላን እንዳበደ ሆኖ ይከሰከሳል። ስለዚህ በሜዳው መግቢያ ሰሌዳ ተተክሎ ነበር፤ የመስመርህን ቁጥር የያዘውን መቆንጠጫ ከሰሌዳው ሳታነሣ መቆጣጠሪያ መክፈት ትልቅ ነውር ነበር። መስመርህ ከተያዘ ወንበር ስበህ ትጠብቃለህ፤ ስትጠብቅ ትተዋወቃለህ። ስለ አሜሪካ ገበሬና ስለ ቬትናም ዘማች የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የሰማሁት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ኋላ 2.4 ጊጋኸርትዝ ሲመጣ መሣሪያው ነፃ ሞገድ በራሱ እየፈለገ መያዝ ጀመረ። ሰሌዳውም ወንበሩም ቀረ፤ ማንም ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ያን ጊዜ እንደ ትልቅ ነፃነት ቆጥረነው ነበር።

በ2012 ለማስተማር ወደ ሜሪላንድ ተዛወርሁ። በጃንዋሪ 2015 አንዲት ትንሽ ድሮን በዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ወደቀች። በዚያው ዓመት ማብቂያ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ማንኛውንም ሞዴል የሚያበር ሰው 5 ዶላር ከፍሎ እንዲመዘገብ ታዘዘ፤ ከዋሽንግተን 30 ማይል ክልል ውስጥም ማብረር ተከለከለ። በፌብሩዋሪ 2016 የክልከላው ክልል ወደ 15 ማይል ሲጠብ ሜዳችን ተከፈተ። ተመልሼ ሄድሁ፤ ልቤ ግን አብሮኝ አልሄደም። አውሮፕላኖቹ ተሠርተው በካርቶን የሚመጡ፣ ከፎም የተቀረጹ ሆነዋል። ግራ የገባው ሰው አንድ ቁልፍ ሲጫን አውሮፕላኑ በራሱ ይቃናል። ማንም አይሳሳትም፤ ማንም ከበቆሎ ውስጥ ስብርባሪ አይለቅምም። እኔም በወር አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎም በዓመት ሁለቴ ብቻ የምሄድ ሆንሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል «ድሮን» የለቅሶ ቤት ቃል ሆነ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ «አንተ ድሮን ታበር የለም እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ራሴን ነፃ ለማውጣት ታሪክ ማገላበጥ ያዝሁ፤ የመምህር ልማድ ነው። ያገኘሁት ግን የሚያጽናና አልነበረም። ሬጅናልድ ዴኒ የተባለ፣ እንግሊዝ አገር ተወልዶ በሆሊውድ ስም ያገኘ ተዋናይ በ1930ዎቹ እዚያው ሆሊውድ የሞዴል አውሮፕላን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ተነሥቶ ለአሜሪካ ጦር የተኩስ መለማመጃ የሚሆን፣ በራዲዮ የሚመራ ሰው አልባ አውሮፕላን መሥራት ጀመረ። ራዲዮፕሌን የተባለው ኩባንያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት 15 ሺህ ገደማ አምርቷል። ኋላ ዓለም ማሪሊን ሞንሮ ብሎ ያወቃት ወጣት እንኳ በዚሁ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳለች ነው አንድ የጦር ሠራዊት ፎቶግራፍ አንሺ ያገኛት። መጫወቻውና መግደያው አይተዋወቁም ብዬ ልከራከር አልቻልሁም፤ ከአንድ ሱቅ ወጥተዋል።

በ2024 የእናቴ ታላቅ እህት ከሰሜን መጡ። ከየትኛው ሰሜን እንደሆነ አልጽፍም፤ ብጽፍ ግማሹ አንባቢ ከዚህ በኋላ ያለውን አያነብልኝም።

አንድ ቅዳሜ ልሸጠው ያሰብሁትን አሮጌ አውሮፕላን ለመሞከር ጋራዥ ውስጥ ሞተሩን አስነሣሁ። የባትሪ ሞተር ሲፈጥን እንደ ተቆጣ ንብ ይጮኻል። ከወጥ ቤት ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ። ስገባ አክስቴ ልጄን ከማቀዝቀዣው ጎን ግድግዳ ላይ አጣብቀው፣ ነጠላቸውን በራሷ ላይ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው ቆመዋል። ልጄ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት ዝም ብላለች።

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ፤ መጫወቻ ነው» አልኋቸው።

«መጫወቻ?» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

የዚያን ዕለት ማታ ሃያ ዓመት የሰበሰብሁትን ሁሉ በካርቶን አደረግሁና በሳምንቱ ለክለቡ ሰጠሁ። መሸጡም አስጠላኝ።

ወራት አለፉ። በበረዶው ጊዜ ልጄ አንድ ቀጭን ካርቶን ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። የሳይንስ ውድድር ነው፤ በተጠመዘዘ ጎማ የሚበር የባልሳ አውሮፕላን ሠርቶ በስፖርት አዳራሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ በአየር ላይ ያቆየ ያሸንፋል። «አባዬ፣ አሳየኝ» አለችኝ። ትቻለሁ አልኋት። «አንተ የተውከው ሌላ ነው። ይሄ ሞተር የለውም» አለች።

እውነቷን ነው። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በ1871 ፓሪስ ውስጥ በቱዊለሪ የአትክልት ሥፍራ ያበረረው ይኸው ዓይነት ነበር፤ በ11 ሴኮንድ 40 ሜትር ያህል ሄዷል። የራይት ወንድማማቾች አባት በ1878 ለልጆቻቸው ይዘው የገቡት መጫወቻም ሥራው ከዚሁ ሰው የመጣ፣ በጎማ የሚሽከረከር ነበር። ጎማው በደንብ ተለጥጦ በእጅ መዘውር ይጠመዘዛል፤ ከሺህ ዙር በላይ ይችላል። ራዲዮ የለው፣ ባትሪ የለው፣ ካሜራ የለው። ጅራቱን ጥቂት ወደ ግራ አጣምመህ አዳራሹን እንዲዞር ታዘጋጀዋለህ፤ ከእጅህ ከወጣ በኋላ ግን ምንም ልታዝዘው አትችልም። በጣራ ሥር ስለሚበር 5 ዶላርም አይጠየቅበት።

ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሥራ ጀመርን። አክስቴ ቡና እያፈሉ ከሩቅ ያዩናል። አንድ ምሽት መጥተው አንዱን ቁራጭ አነሡና በጥፍራቸው ጫን አደረጉት። «ይኼማ አገዳ ነው» አሉ። ልጄ አገዳ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ እኔ መልስ ሳልሰጥ እሳቸው ስለ መነጽሩና ስለ ጋሪው አስረዷት። የእሳቸው ጋሪ እሾህ ነበር የሚሰካበት፤ የኛ የከተማዎቹ ስንጣሪ መሆኑን ሲሰሙ ሳቁብኝ። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን በኮሪደሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ቀና አለና በጀርባው ተገልብጦ ወደቀ። ወደ አርባ ዓመት ሊጠጋው ምንም አልቀረው፤ ያው የአጥሩ ላይ አወዳደቅ ነበር። ልጄ ፊቷ ጠቆረ፤ እኔ ግን ለምን እንደ ደስተኛሁ ላስረዳት አልቻልሁም። አፍንጫው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጭቃ ለጠፍን። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እስከ ውድድሩ ድረስ እንቅልፍ አጣሁ ማለት ይቻላል። የተማሪ ፈተና ሳላርም የቀረሁባቸው ቀናት ነበሩ።

በውድድሩ ዕለት አክስቴን ቤት ለመተው አስቤ ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን ለብሰው መኪናው ዘንድ ቆመው አገኘኋቸው። አዳራሹ ውስጥ ልጄ ጎማውን ጠመዘዘች፤ እኔ ዙሩን ቆጠርሁ። ስትለቀው አንዳች ድምፅ አልነበረውም። ቀስ እያለ እየዞረ ከቅርጫት ኳሱ ሰሌዳ በላይ ወጣ። እኔ አውሮፕላኑን ትቼ አክስቴን አያለሁ፤ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለዋል፤ በአንድ እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ አጥብቀው ይዘዋል። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ቆይቶ መሬት ሲነካ ነው እጃቸውን የለቀቁት። ልጄ ከመካከለኞቹ ተርታ ወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ሁሉ ዝም አሉ። ከመኪናው ሲወርዱ «ድምፅም ባይኖረው፣ ወደ ላይ ማየት አልወድም፤ እኔን ሁለተኛ አትውሰደኝ። እሷን ግን አታስተዋት» አሉኝ።

አሁን ልጄ ሁለተኛውን እየሠራች ነው፤ ከመጀመሪያው አንድ ግራም ማንሣት አለብን ብላኛለች። ክንፉን ወደ ወጥ ቤቱ ስናመጣ አክስቴ ወደ ሳሎን ይሄዳሉ፤ የተረፈውን ቁራጭ ግን አያስጥሉንም፤ በአንድ የቡና ጣሳ ውስጥ ያጠራቅሙታል። ምን ሊሠሩበት እንደሆነ አልነገሩንም።

ቸር እንሰንብት።