ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ የት እንዳለ ያውቃል?

ምግብ ቤት ስላለኝ ስለ ምግብ የምጽፍ ሊመስላችሁ ይችላል። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ስልክ ነው።

ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም የታክስ ቢሮ ካላችሁ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ስልክ መኖሩ አይቀርም። ሲያዩት ያው የድሮው የቢሮ ስልክ ነው። ከጀርባው የገባውን ሽቦ ግን እስኪ ተከተሉት፤ የሚወስዳችሁ ወደ ኢንተርኔቱ ሳጥን ነው።

እኔ ስልኩን እወደዋለሁ። በጾም ወቅት አንዱ በያይነቱ ሲያዝ፣ ሌላዋ ለተዝካር የሃምሳ ሰው ምግብ ስትጠይቅ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ይገባሉ። አንዱ ካሽ ሬጅስተሩ ጋ ይነሳል፣ አንዱ ኩሽና፣ አንዱ እኔ ቢሮ። ቤት ስንቀይርም ስልኮቹን ነቅለን በካርቶን ይዘን መጣን፣ ሰካናቸው፣ በቃ ጮኹ። ደንበኞቻችን መዛወራችንን እንኳ የሰሙት ከኛው ነው።

ጣጣው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። የድሮው ስልክ ሽቦ ወደ አንድ ሕንጻ ብቻ ነበር የሚሄደው። ቁጥሩም ከዚያ ሕንጻ አድሬስ ጋር ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ፣ 911 ደውላችሁ መናገር ቢያቅታችሁ እንኳ የምታነሳው ሴት አድሬሱን ስክሪኗ ላይ ታያለች። የኢንተርኔት ስልክ ግን ሲያትል እህታችሁ ቤት ብትሰኩት በአትላንታው 404 ቁጥራችሁ ይጮኻል። የት እንዳለ በራሱ አያውቅም፤ የተነገረውን ነው የሚያውቀው። ኤፍ ሲ ሲ የሚባለው የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በ2005 ባወጣው ደንብ የኢንተርኔት ስልክ ኩባንያዎች 911 እንዲያስገቡና አድሬሱን ከደንበኛው እንዲቀበሉ አዟል። ስትዛወሩ አዲሱ አድሬስ ገብቷል ወይ የሚለው ነው እንግዲህ ጥያቄው።

የኛን ስልክ ያዛወረው ኩባንያ «ሁሉም ነገር ተስተካክሏል» ብሎ ወረቀት ሰጥቶን ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አባት ምሳ እየበሉ ድንገት ራሳቸውን ሳቱ። አስተናጋጇ ልጅ ካሽ ሬጅስተሩ ጋ ያለውን ስልክ አንስታ 911 ደወለች። ከወዲያ ያለችው ሴት ያነበበችላት የድሮውን ቤታችንን አድሬስ ነው፤ እሱም ሌላ ካውንቲ! አትላንታ ሲባል አንድ ከተማ ይመስላል እንጂ ፉልተን፣ ዲካልብ፣ ግዊኔት፣ ኮብ የየራሳቸው 911 አላቸው። ቢፎርድ ሃይዌይን ይዛችሁ ብትነዱ እዚያው መንገድ ላይ እያላችሁ ካውንቲው ይቀየርባችኋል። ልጅቷ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው፣ እንግሊዝኛው ያስጨንቃታል። ደግነቱ የቴክ አውት ሜኑ አጠገቧ ነበር፤ ከሱ ላይ አድሬሱን ቁጥር በቁጥር አነበበችላቸው፣ ወደኛ ካውንቲ አስተላለፏት፣ አምቡላንሱም ደረሰ። ስኳራቸው ወርዶ ኖሯል፣ ተመስገን ተሻላቸው። አሁን ሲመጡ ከሷ በቀር ማንም እንዲያስተናግዳቸው አይፈልጉም።

ሌላም ነገር አለ። በ2013 ቴክሳስ፣ ማርሻል በምትባል ከተማ ካሪ ሃንት የምትባል እናት ሆቴል ክፍል ውስጥ ጥቃት ደርሶባት ሞተች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ በክፍሉ ስልክ 911ን አራት ጊዜ ሞክራለች። አልገባላትም፤ በዚያ ሆቴል ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 መጫን ያስፈልግ ነበር። ልጅቷ ይህን በምን ታውቃለች? የካሪ አባት አላርፍ ብሎ ተከራከረ፤ በ2018 በስሟ የሚጠራው ሕግ ተፈረመ። ከየካቲት 2020 ወዲህ የሚሸጡና የሚተከሉ የቢሮ ስልኮች 911ን ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር ማስገባት አለባቸው። ከቀድሞው ባለቤት የተረከባችሁት የቆየ ስልክ ግን በዚህ ላይታቀፍ ይችላል። ጠይቁ።

ለሙከራ ብላችሁ 911 እንዳትደውሉ አደራ። በብዙዎቹ የኢንተርኔት ስልኮች 933 ስትደውሉ ማሽኑ የተመዘገበውን አድሬስ ያነብላችኋል። የሱት ቁጥሩንም አዳምጡ፤ አሥር ሱቅ በተደረደረበት ፕላዛ አምቡላንሱ የቱ ጋ ይቁም? የእናንተ ስልክ 933ን የማይቀበል ከሆነ ለኩባንያው ደውላችሁ አንብቡልኝ በሉ። በእያንዳንዱ ስልክ ሞክሩት፤ አንዱን ነቅላችሁ ለኦርደር መቀበያ ቤት የወሰዳችሁ ካላችሁ በተለይ። ደግሞም እዚህ አገር በበጋ ዛፍ ወድቆ መብራት ሲጠፋ ሞደሙም ስልኩም አብረው ይሞታሉ። ባትሪ ከሌላችሁ ያላችሁ የእጅ ስልክ ብቻ ነው።

ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ከትምህርት ቤት መልስ ከኋላው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። የሱቁን አድሬስ እንደ ስማችሁ ያዙት። 911 ከደወላችሁ መጀመሪያ አድሬሱን ተናገሩ፣ የሆነውን ከዚያ ትነግሯቸዋላችሁ። ማሚ ወይም አያታችሁ ራሳቸው መናገር ከፈለጉ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ትንሽ ያስጠብቃል፣ እንዳይዘጉት። በስህተት ከደወላችሁም ዘግታችሁ አትሩጡ፣ «በስህተት ነው» በሉ፤ ማንም አይቆጣችሁም።

እኛ ጋ አድሬሱን ከነሱት ቁጥሩ በትልቁ ጽፈን በሦስቱም ስልኮች ላይ ለጥፈናል። የኩሽናው በቅቤ ስለሚወይብ በየወሩ እንቀይረዋለን።