የጊዜ ትርፍና የምሥጢር ኪሳራ

በድሬዳዋ በቀፊራ ገበያ የሚውል ነጋዴ የአንድ ሰዓት የስብከት ቪዲዮ ፍጥነቱን አጥፎ በ30 ደቂቃ ቢጨርሰው ያተረፈ ይመስለዋል።

ቀድሞ የካሴት ክር በእጥፍ ሲሮጥ ድምፁም ቀጥኖ የሕፃን ድምፅ ይመስል ነበር። የዛሬው ስልክ ግን ድምፁን በጥቃቅኑ እየቈረጠና እየደረበ ስለሚያጋጥመው ቅጥነቱ አይለወጥም፤ ነገር ግን ዕረፍቱ ያጥራል፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው መለየትም ያስቸግራል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታልና።

የቤተ ክርስቲያን ዜማም ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድና ጽፋት እየፈጠነ ይሄዳል፤ ሆኖም መሪጌታው በትንፋሹ፣ በመቋሚያውና በከበሮው ልክ ይፈጥናልና ቃሉን አይሰብርም። መኪናው ግን የቃሉን ምሥጢር አያውቅም።

እንግዲህ ወሬን አፍጥኖ መስማት አይከፋም፤ ስብከትን አፍጥኖ የሰማ ግን ግማሽ ሰዓት አትርፎ ምሥጢሩን እንዳይከስር ሚዛኑን ይመልከት።