ጣና ዳር የሰማሁት ሸክላ

ትናንት አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ነበር። አንድ ሰው የደንገል ታንኳውን እየቀዘፈ ወደ ዳር ሲጠጋ፣ ከኋላዬ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ተለቀቀ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ግጥሙን ግን አንድ ቃል ሳትስት አብራው ታንጎራጉራለች። ስኒዬን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ።

እስቲ አስቡት! ዓለማየሁ «ትማርኪያለሽ»ን እ.ኤ.አ. በ1969 በሸክላ ሲያወጣ፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። ወጣቱ የሸክላ አሳታሚ አምሃ እሸቴ ያንን አጥር ደፍሮ ጣሰና ሸክላውን አወጣለት። እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳተመ፤ የማህሙድ አህመድም፣ የሙላቱ አስታጥቄም ሥራ በእሱ እጅ አልፏል። አምሃን ሳስብ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

እነዚህ ዘፈኖች ለምን አላረጁም? ዓለማየሁ ኤልቪስንና ጄምስ ብራውንን ይወድ ነበር፤ ጩኸቱም፣ አለባበሱም ከዚያ የመጣ ነው። ቅኝቱ ግን የእኛው ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾቹ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሥነ ሥርዓት የተገሩ ነበሩ። ከዘፋኙ ጋር አንድ ላይ ሆነው ስለሚቀዱ ትንፋሻቸው ጭምር ይሰማል። ዛሬ በኮምፒውተር የተስተካከለ ዘፈን ውስጥ ያን ትንፋሽ ፈልጌ አጣሁት።

አባቶቻችሁ ቤት ሸክላ ካለ እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡት። አቧራውን ጥረጉለትና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡት።