ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፦ የሚከራይ ቤት ፍለጋ በባቡር መስመር

ከደመወዝተኛ ጓደኞቼ መካከል «አንዲት ኮንዶሚኒየም ገዝቼ ባከራይ» ያላለ የለም ማለት ይቻላል። እኔና ባለቤቴም በስምንት ዓመት ቁጠባችን ላይ በቅርቡ የሚደርሰንን ዕቁብ ጨምረን ይህንኑ እያሰብን ነው። የልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣውም ከዚያው ቁጠባ ስለሆነ፣ ቤቱ ተገዝቶ ሦስት ወር ባዶ ቢቀመጥ መስከረም ላይ እጃችን ያጥራል። ደግሞም እኛ ራሳችን ጉርድ ሾላ አካባቢ የምንኖር ተከራዮች ነን። ተከራይ ቤት የሚለቅበትን ምክንያት በደንብ እናውቃለን።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ምርት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት «ማን ይገዛዋል?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ይህንኑ ጥያቄ ይዤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በቀላል ባቡሩ አረንጓዴ መስመር ተጓዝኩ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ይህ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ከተማዋንም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋርጣል። በመረጥኳቸው ጣቢያዎች እየወረድኩ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ እዚህ ማን ይከራያል? ለምንስ ይቆያል?

አያት፦ ሰፊ ቤት፣ ረጅም መንገድ

አያት የመስመሩ መነሻ ናት። ከዚያ አልፎ በታክሲ ሲኬድ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ይገኛሉ። እዚህ በአንድ መሀል ከተማ ስቱዲዮ ዋጋ ሰፋ ያለ ቤት ሊገኝ ስለሚችል ልጆች ያሏቸው ወጣት ቤተሰቦች ይመርጡታል። የሚከፍሉት ሌላ ዋጋ ግን አለ፤ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ መንገድ ላይ የሚያልቅ ሰዓት። ተከራይ ኪራዩን ሲያሰላ ትራንስፖርቱንም ይደምራል።

አንድ ብሎክ ሥር ቡና የሚያፈሉ እናት ቤት እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ከቤቱ በፊት ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቂ። አራተኛ ፎቅ ላይ ይወጣል ወይ? ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታስ አለው?» አሉኝ። ባለ አራት ፎቁ ኮንዶሚኒየም አሳንሰር የለውም። ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ተከራይ የተሻለ ባገኘ ጊዜ መልቀቁ አይቀርም።

ሲኤምሲና ሰሚት፦ ትምህርት ቤት ያሰረው ቤተሰብ

ሲኤምሲ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን የግንባታ ድርጅት ነው። ዛሬ አካባቢው ከደቡብ ጎረቤቱ ከሰሚት ጋር የቤተሰብ ሰፈር ሆኗል። ግቢ ቤት፣ አፓርታማና ኮንዶሚኒየም ተቀላቅለውበታል፤ በየመንገዱ የመዋዕለ ሕፃናትና የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ይታያል።

ሰሚት ያነጋገርኳት ደላላ እንደነገረችኝ፣ የሰፈሩ ተከራይ የሚንቀሳቀሰው በትምህርት ዘመኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ስልኳ አያርፍም፤ ጥቅምት ከገባ በኋላ የተለቀቀ ቤት ግን ቆይቶ ሊከራይ ይችላል። ልጁን አንድ ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ በዓመቱ መካከል በቀላሉ አይለቅም። የቤት ለቤት ዕቃ ማጓጓዝና የልጅ ለቅሶ የሚያስከትለውን እኔም አውቀዋለሁ።

ከሰሚት ወደ መስመሩ ተመልሼ የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ስደርስ ፈላጊው ይለወጣል። ተማሪው፣ አዲስ ተቀጣሪውና ከክፍለ ሀገር ለሥልጠና የመጣው የሚጠይቀው ስቱዲዮ ወይም በጋራ የሚከራዩትን ቤት ነው። ቤቱ ቶሎ ይያዛል፤ ቶሎም ይለቀቃል። በየልቀቁ ቀለም ቅብ፣ የቧንቧ ጥገናና የደላላ ክፍያ ይከተላል።

መገናኛ፦ ቤት ሳይገዙ መሸጥ

መገናኛ የታክሲውም የወሬውም መናኸሪያ ነው። እዚያ ያገኘሁት ደላላ ሌላ ሐሳብ አመጣልኝ፦ «የኔ እህት፣ ቤቱን ለምን ትገዢዋለሽ? ቀብድ አስይዢና በወሩ ጨምረሽበት ለሌላ አስተላልፊው።»

አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅም ይህን መሰል ንግድ በስልክ ያወራልኛል፤ እዚያ ሆልሴሊንግ ይባላል። ሰውየው ከባለቤቱ ጋር በአንድ ዋጋ ውል ይይዛል፤ ቤቱን ሳይገዛም ውሉን ለሌላ ገዢ በትርፍ ያስተላልፋል። እዚያም ቢሆን አንዳንድ ግዛቶች የሥራ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

እዚህ አገር ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ በወሩ ውስጥ ገዢ ካላገኘሁ የልጆቼ የትምህርት ቤት ብር ቀብድ ሆኖ ይቀራል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውልም በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት።

«በውክልና እናስጨርሳለን» የሚለውም ያሳስባል። ዕጣ የወጣለት የኮንዶሚኒየም ባለቤት ለ5 ዓመት መሸጥ ስለማይፈቀድለት፣ ብዙ ቤት በውክልና እጅ በእጅ ሲተላለፍ ይታያል። ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞትም ውክልናው ይቀራል። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛል። ደላላውን አመስግኜ ወደ ባቡሩ ተመለስኩ።

ሃያ ሁለትና ልደታ፦ የመሀል ከተማ ፈላጊ

ሃያ ሁለት አካባቢ ከነሙሉ ዕቃው የሚከራይ አፓርታማ ይበዛል። ለገና፣ ለጥምቀትና ለሠርግ ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችን ለሳምንታት ይይዙታል። በቀን ሲታሰብ ገቢው ያጓጓል። ነገር ግን አልጋ ልብስ ማጠብ፣ ኢንተርኔት መክፈልና ሌሊት ስልክ ማንሳት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ሁለታችንም ቢሮ ለምንውል ሰዎች ይከብዳል።

ልደታ ስደርስ የከተማዋ የኪራይ ታሪክ ፊት ለፊቴ ቆመ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ቤት አከራይቶ መኖር ለአንድ ትውልድ ያህል ቆመ። የወላጆቻችን ዘመዶች «ቤት የመንግሥት ነው» እያሉ ያደጉት በዚህ የተነሳ ነው። ዛሬ በልደታ የቀድሞ መንደር ቦታ ኮንዶሚኒየሞች ቆመዋል፤ ጥቂት ወረድ ብሎ የሰንጋ ተራ 40/60 ሕንፃዎች ይታያሉ። ፈላጊዎቹ በሜክሲኮና በለገሃር ቢሮዎች የሚሠሩ፣ በእግራቸው ሥራ መግባት የሚፈልጉ ባለትዳሮችና ላጤዎች ናቸው። ቤቱ ባዶ አይቆይም፤ የመግዣ ዋጋው ግን የእኛን ቁጠባ ያልፋል።

ጦር ኃይሎች ላይ መስመሩ ያበቃል። ከጣቢያው አጠገብ አንድ ካፌ ተቀምጬ ደብተሬን ከፈትኩ።

ወረቀት ላይ ሲሰላ

ለምሳሌ ያህል ቤቱ 3 ሚሊዮን ብር ቢገዛና በወር 20 ሺህ ቢከራይ፣ በዓመት 240 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ 8 በመቶ ነው። አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 220 ሺህ ይቀራል። ለጥገና፣ ለደላላና ለሕንፃው መዋጮ 25 ሺህ ሲቀነስ 195 ሺህ፣ ማለትም 6.5 በመቶ ይሆናል፤ ያውም ከግብር በፊት። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ማድረጉን ስናስታውስ፣ ኪራዩ ብቻውን ሀብታም እንደማያደርግ ይገባናል። የሚጠበቀው ዋናው ጥቅም የቤቱ ዋጋ ከጊዜ ጋር መጨመሩ ነው።

ቤቱ ሦስት ወር ባዶ ቢቆይ ደግሞ ትርፉ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። በወር 1 ሺህ ብር ጨምሮ ማከራየት በዓመት የሚያስገኘው 12 ሺህ ነው፤ አንድ ባዶ ወር ግን 20 ሺህ ይወስዳል። የሚቆይ ተከራይ ከፍ ካለ ኪራይ የበለጠ እንደሚያዋጣ ያሳመነኝ ይህ ስሌት ነው።

ሕጉም ወደዚያው ይመራል። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የኪራይ ጭማሪውን መጠን ደግሞ ተቆጣጣሪው አካል ይወስናል። ስለዚህ «ዓመቱን ሙሉ በአንዴ ይከፈለኛል፤ በስድስት ወር እጨምርበታለሁ» ብሎ ያቀደ ሰው ዕቅዱን ያስተካክል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

• ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ቤቱም ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።
• ኮንዶሚኒየም ከሆነ የ5 ዓመቱ ገደብ ማለፉንና የባንክ ብድሩ መዘጋቱን እዩ።
• የስም ማዛወሪያውንና የቴምብር ቀረጡን በዋጋው ላይ ደምሩ።
• የኪራይ ገቢ ግብርን ከመጀመሪያው አስቡ፤ የ2017ቱን የንብረት ታክስ አዋጅም አትርሱ።
• ቤቱን በሥራ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ጎብኙት። የታክሲው ሰልፍ፣ የውሃው ግፊትና የጎረቤቱ ድምፅ ያን ጊዜ ይታወቃሉ።

እኔና ባለቤቴ ደብተሩን መካከላችን አስቀምጠን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እሱ የአያትን ስፋት ወዶ ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው በሰሚት፣ ከሁለተኛ ፎቅ ባልበለጠ ባለ አንድ መኝታ ቤት ላይ ነው፤ ቧንቧ ቢፈነዳ ከምንኖርበት በግማሽ ሰዓት የምንደርስበት፣ ልጁን ገና መዋዕለ ሕፃናት ያስገባ ቤተሰብ የሚይዘው። የአንድ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያችንን ለይተን በሌላ ሒሳብ አስቀመጥን፤ በቀረው የሚገዛ ቤት ካልተገኘ እንጠብቃለን። ዕቁባችን ሊደርሰን ሁለት ወር ቀርቶታል። እስከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስንወጣ ሰሚት እየሄድን የውሃ ቧንቧ እንከፍታለን።